የሰው ክንፍ በፎገራ ሜዳ

ሩዙ ታጭዶ ክምሩ ሲቆም፣ የክረምቱም ውኃ ወደ ጣና ሲሸሽ፣ ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ የፎገራን ሜዳ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ዘውድ የደፉ የሚመስሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ከመሬት ለመነሣት ሲፈልጉ አስቀድመው ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ያዞራሉ፤ ቀጥሎ ጥቂት ይሮጣሉ፤ ክንፋቸው የሚሸከማቸው ከዚያ በኋላ ነው። ወፍ ያለ መምህር ያወቀውን ይህን ሕግ ሰው የተማረው በብዙ አጥንት ስብራት ነው።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ዐርብ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ በር ላይ ጠብቆ ደብተሩን ዘረጋልኝ። በገጹ ላይ በጥሩ እጅ ጽሕፈት የዕቃ ዝርዝር ሰፍሯል፦ የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ሸራ፣ ናይሎን ገመድ፣ የአሉሚኒየም ቱቦ። የውኃ መሳቢያው ሞተር ተሰርዞ በላዩ «ኤሌክትሪክ ሞተርና 3 የሶላር ባትሪ» ተብሎ ተጽፏል። በጎኑም አንድ ሰው ሞተር አዝሎ ከጨርቅ ክንፍ ሥር ሲንጠለጠል የሚያሳይ ሥዕል አለ።

«መምህር፣ ይህ ይበራል ወይስ አይበራም? እውነቱን ይንገሩኝ» አለኝ።

ልጁ ቀልዱን አልነበረም፤ ሁለት ክረምት በሩዝ አረም ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ ነበረው። አይበራም ብዬ ደብተሩን ብመልስለት እንደማይተወው ከዓይኑ ታወቀኝ። ይበራል ብለው ደግሞ በነፍሱ እጠየቃለሁ። ስለዚህ አንድ ሳምንት ስጠኝ አልሁት። በዚያ ሳምንት ያነበብሁትንና ያሰላሁትን ነው ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማቀርበው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት

ይህ መሣሪያ ፓራሞተር ይባላል። ከላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ የጨርቅ ክንፍ አለ። ክንፉ ከሁለት ሽፋን የተሰፋ ነው፤ በፊቱ በኩል አፍ አፍ ስላለው ሲሮጡበት ነፋስ ይሞላውና ቅርጹን ይይዛል። ከክንፉ በቀጫጭን ገመዶች ሰው ይንጠለጠላል፤ ሰውየውም ሞተርና ፕሮፔለር የምንለውን ውልብልቢት በጀርባው ያዝላል። ብዙውን ጊዜ ጎማ የለውም፤ ጎማው የሰውየው እግር ነው። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው በቤንዚን ነበር፤ ባትሪ እየቀለለ ከመጣ ወዲህ ግን በኤሌክትሪክ የሚበረው ዓይነት በልዩ ልዩ አገር፣ በፋብሪካም በጓሮም፣ መሠራት ጀምሯል።

ከእኛ በፊት የሞከሩ

በአገራችን የሚበር ነገር መሥራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1928 ዓ.ም.፣ የጠላት ጦር በገሠገሠበት በዚያ ክፉ ወቅት፣ ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሠራት አይሮፕላን በረረች። ሁለት ሰው የምትይዝ ነበረች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በዚያው ስትኖር፣ በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ወደ አገሯ ተመልሳለች። ስለ ፀሐይ ሲነገር ሁላችንም በኩራት እናዳምጣለን፤ ዕቃ ለሚመርጥ ሰው ግን ከኩራቱ ሌላ ትምህርት አለው። አካሏ አዲስ አበባ ተሠራ፤ ሞተሯ ግን ቫልተር ቬኑስ የተባለ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከፕራግ ፋብሪካ የወጣ ነበር። ቬበር የቱን በእጁ እንደሚሠራ፣ የቱን ገዝቶ እንደሚያመጣ ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰው በእኛው ዘመን ያለው አስመላሽ ዘፈሩ ነው። ይህ ሰው አብራሪ ለመሆን ቢመኝ ቁመትህ በአንድ ሳንቲሜትር አጥሯል ተባለ። እርሱም ተስፋ ሳይቆርጥ፣ ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት እየተማረ፣ የራሱን አይሮፕላን ሠራ። ስሟን «ኬ 570 ኤ» አላት፤ «ኬ» ለእናቱ ለኪሮስ መታሰቢያ፣ 570 ሥራው የፈጀው የቀን ብዛት ነው። ሞተሯ ከአሮጌ ፎልክስዋገን መኪና የተወሰደ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሱሉልታ ላይ ሊያስነሣት ሲሞክር፣ ውልብልቢቱ የተያያዘበት ክፍል ተሰብሮ ሙከራው ተቋረጠ። እኔ ይህን ሰው አከብረዋለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ያስቆመው የድፍረት ማነስ ሳይሆን አንድ መጋጠሚያ ነው።

መጀመሪያ ሚዛን

ዕቃ መምረጥ የሚጀመረው ከሞተር ይመስለናል፤ ልጁም ያደረገው እንዲሁ ነው። እውነቱ ግን ከሚዛን ነው የሚጀመረው። ከወረታ ተነሥተን በደብረ ታቦር መንገድ ብንሄድ ጋፋትን እናገኛለን፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ቦታ ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ያንን መድፍ እስከ መቅደላ ለማድረስ ወራት ፈጅቷል። መድፍን ግን ቢዘገይም መሬት ይሸከመዋል። የእኛን ዕቃ የሚሸከመው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ብድር አይሰጥም።

ስለዚህ እንዲህ ብለን እንቁጠር። አብራሪው 62 ኪሎ፤ ልብሱ፣ ጫማውና ራስ መከላከያው 4፤ ክንፉ 6፤ መቀመጫውና መጠባበቂያ ፓራሹቱ 6፤ ሞተሩ፣ ውልብልቢቱና ኮንትሮለሩ 8፤ ዘንጉ፣ ቀለበቱና መረቡ 6፤ ባትሪው 18። ድምሩ 110 ኪሎ ነው።

ጥሩ ክንፍ ያለ ሞተር ሲንሸራተት አንድ ሜትር እስኪወርድ ድረስ 8 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። በጀርባ ያለው ቀለበትና መረብ አየር ስለሚጎትት ይህ ወደ 6 ይወርዳል ብለን እንያዝ። እንግዲህ ሳይወርዱ በአንድ ከፍታ ለመሄድ የሚያስፈልገው ግፊት የክብደቱ አንድ ስድስተኛ ነው፤ 18 ኪሎ ይሆናል። በሰከንድ አንድ ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ደግሞ 10 ኪሎ ይታከላል። ለነፋስ መለዋወጥና ለራስ ስሕተት ትርፍ ሲያዝለት፣ መሣሪያው ቆሞ ሲለካ 45 ኪሎ ያህል መግፋት አለበት። ይህች 45 ቁጥር ከእንግዲህ መመዘኛችን ናት።

በልጁ ዝርዝር ያሉት ሦስት የሶላር ባትሪዎች የእርሳስ ናቸው። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሆነው አንዱ 30 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ሦስቱ 90 ኪሎ ናቸው። ከአብራሪው ይከብዳሉ ማለት ነው! ጠቅላላው ክብደት 182 ኪሎ ይደርሳል። ይህን አዝሎ የሚሮጥ ሰው በፎገራም በሌላም አገር አይገኝም።

ክንፉን በቤት አትስፉ

ሁለተኛው ምርጫ ክንፉ ነው፤ በዚህ ላይ ቃሌ አጭር ነው። ሌላውን ሁሉ በቤት ብትሠሩ ክንፉን በቤት አትስፉ። ሸራ ከባድ ነው፤ ሲተጣጠፍ የሚይዘውም ቅርጽ የክንፍ ቅርጽ አይደለም። የክንፍ ጨርቅ አየር እንዳያሳልፍ የተቀባ፣ ቢቀደድም ቀዳዳው እንዳይሰፋ ሆኖ የተሠራ ቀጭን ናይሎን ነው። ገመዶቹም እያንዳንዳቸው ተለክተው የተቆረጡ ናቸው፤ ጥቂት ሳንቲሜትር ቢዛነፉ ክንፉ ይጠማዘዛል ወይም በአየር ላይ ይዘጋል። በአውሮፓ መመዘኛ ይሁንታ ያገኘ ክንፍ ከሚፈቀድለት ክብደት 8 እጥፍ የሚሆን ጭነት ተጭኖበት ተፈትኗል። ለእኛ 110 ኪሎ 880 ኪሎ መሆኑ ነው። የትኛው የልብስ ስፌት መኪና ይህን ዋስትና ይሰጣል?

በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ የሚሸከመው ክብደት ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ተጽፏል። 110 ኪሎ በዚያ መካከል መግባት አለበት። ደረጃውም ከ«ኤ» እስከ «ዲ» ነው፤ ለጀማሪ «ኤ» ብቻ። ያገለገለ ክንፍ የሚገዛ ሰው ደግሞ ቀለሙን አይቶ አይታለል፤ ናይሎንን ፀሐይ ትበላዋለች። ጨርቁ አየር አለማሳለፉንና የገመዶቹን ጥንካሬ ባለሙያ የለካበት ወረቀት ይጠይቅ።

የፎገራ አየር

ወረታና ሜዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። በሞቀ ቀን፣ 27 ዲግሪ ሲሆን፣ በዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር 77 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህ ለበረራ ትልቅ ነገር ነው። በሳሳ አየር ያንኑ ክብደት ለመሸከም ክንፉ 14 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። በባሕር ዳርቻ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚበር ክንፍ እዚህ 41 ይፈልጋል። አብራሪው በእግሩ መሮጥ ያለበትም በዚያው ልክ ይጨምራል። ነፋስን ፊት ለፊት መግጠም፣ ማለዳንም መምረጥ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ወፎቹ ቀድመውን ያውቁታል።

የውኃ መሳቢያውን ሞተር በዚሁ ሚዛን እንየው። ፎገራ ላይ ሽንኩርትና ሩዝ የሚያጠጡበት ባለ 5 ተኩል የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር በባሕር ዳርቻ 4 ኪሎ ዋት ያህል ይሰጣል። የቤንዚን ሞተር ግን እንደ እኛ አየር ይተነፍሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይደክማልና እዚህ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የቀረው ለመውጣት ቀርቶ በአንድ ከፍታ ለመሄድ እንኳ አይበቃም። ልጁ ሰርዞ ኤሌክትሪክ ማለቱ ስለዚህ ትክክል ነበር። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጣና ዳርም ሆነ ጉና ተራራ ላይ ያው ነው። እርሱን የሚያገኘው ችግር ሌላ ነው፤ የሳሳ አየር እምብዛም አያቀዘቅዘውምና ሙቀቱ ይጠበቅ።

ውልብልቢትና ሞተር

ቀጥሎ የሚመረጠው ውልብልቢቱ ነው፤ ሞተሩ ከእርሱ በኋላ ይመጣል። ብዙ አየር በዝግታ መግፋት ጥቂት አየር በጥድፊያ ከመግፋት ይረክሳል። ከባትሪ 10 ኪሎ ዋት ቢወጣ፣ በእኛ አየር ላይ 90 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ውልብልቢት 37 ኪሎ ያህል ይገፋል፤ 125 ሳንቲሜትር ያለው 46፤ 140 ያለው 50 ኪሎ ያህል ይገፋል። ይህ የኔ ስሌት ነው፤ በሚዛን መረጋገጥ አለበት። 140ው ይሻላል እንዳንል ቀለበቱም አብሮ ስለሚሰፋ ለመሸከምም ለመሮጥም ያስቸግራል። ስለዚህ 125 ለጀማሪ የሚበቃ መካከለኛ ነው።

125 ሳንቲሜትር ያለው ውልብልቢት በደቂቃ 2,400 ጊዜ ያህል ቢዞር ጫፉ በሰከንድ 157 ሜትር ይሄዳል፤ ከድምፅ ፍጥነት ግማሽ አይሞላም፤ ጩኸቱም ልከኛ ነው። ሞተሩ እንግዲህ በዚህ ዙር 10 ኪሎ ዋት የሚሸከም መሆን አለበት። በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ለአንድ ቮልት ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚገልጽ ቁጥር አለ። ባትሪያችን 86 ቮልት ቢሆን፣ 35 አካባቢ የተጻፈበት ሞተር ያለ ጭነት 3,000 ያህል ይዞራል፤ ጭነት ሲይዝ ወደምንፈልገው ይወርዳል። ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ሞተር የገዛ ሰው ወይ በጥርስ ወይ በቀበቶ ሊያዘገየው ይገደዳል፤ ይህም ሌላ ክብደትና ሌላ የሚሰበር ነገር ነው።

ኮንትሮለሩ በችሎታው ጫፍ ላይ እንዳይሠራ ይሁን። 116 አምፔር የሚፈልግ ሰው 120 የተጻፈበትን አይግዛ፤ 200 የሚችለውን ይግዛ።

ባትሪው

በዚህ ሥራ ላይ ገንዘቡም አደጋውም የሚከማቸው በባትሪው ነው። ተስማሚው የሊቲየም ባትሪ ነው። ጣት የሚያህሉ 288 ሴሎች ይወሰዳሉ፤ 24 በተከታታይ፣ 12 ደግሞ በጎን ይያያዛሉ። ይህ 86 ቮልትና 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ሴሎቹ 14 ኪሎ ያህል ሲመዝኑ፣ ሣጥኑ፣ ሽቦውና የባትሪ ጠባቂው ሰርኪዩት ተጨምሮ 18 ይሞላል።

አንዳንድ ብልህ ተማሪ ከተጣሉ ላፕቶፖች ሴል ልልቀም ይል ይሆናል። ለመብራትና ለሬዲዮ መልካም ነው፤ ለበረራ ግን አይሆንም። ሲነሣ እያንዳንዱ ሴል 10 አምፔር ያህል ይጠየቃል፤ የላፕቶፕ ሴል ለዚህ አልተሠራም። ዕድሜያቸውም የተለያየ ስለሆነ ደካማው ቀድሞ ይግላል፤ የጋለ ሊቲየም ደግሞ እሳቱ በውኃ ባልዲ የሚጠፋ አይደለም። የሚሞላውም ሰው ከሚተኛበት ቤት ውጪ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው። 86 ቮልትም መጫወቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚገኘው በረራ ስንት ነው? በአንድ ከፍታ ለመሄድ ከባትሪ 4 ኪሎ ዋት ያህል ይወጣል። ለመነሣት የሚፈጀውን ብንቀንስ፣ አንድ አምስተኛውንም ለመጠባበቂያ ብናስቀር፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀረናል። ከወረታ ተነሥቶ ባሕር ዳር የሚያደርስ አይደለም። ሜዳውን ዞሮ፣ ርብን ከላይ አይቶ ለመመለስ ግን ይበቃል።

ትንንሾቹ ነገሮች

በሱሉልታ የሆነውን አስቡ። የውልብልቢቱ መያዣ በቶርኖ ቤት በትክክል የተቀረጸ፣ ኩሽኔታው የሚገፋውን ኃይል የሚችል፣ ብሎኑ ደረጃው የታወቀ፣ ዳዶው እንዳይላላ የሚቆለፍ ይሁን። በብየዳ ብቻ የተያዘ መያዣ ለሰው ነፍስ አይበቃም። በቀለበቱ ላይ የሚወጠረው መረብ እጅ ተጭኖት እንኳ ውልብልቢቱ ዘንድ የማይደርስ ይሁን፤ በዚህ መሣሪያ ብዙ ሰው የሚጎዳው ከአየር ወድቆ ሳይሆን መሬት ላይ ቆሞ እጁን ተመትቶ ነውና። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይነሣል፤ ስለዚህ ኃይሉን ፈጽሞ የሚያቋርጥ ቁልፍ በአብራሪው እጅ ይሁን።

ሜዳውም የራሱ ወጥመድ አለው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ሜዳው ባሕር ይሆናል፤ 30 ኪሎ አዝሎ በማሰሪያ ተጠፍሮ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ዋና ማወቁ አይጠቅመውም። እኩለ ቀን ላይ ከሞቀው መሬት የሚነሣው አየር ጀማሪን ይጥላል። የመብራት ሽቦም ከሩቅ አይታይም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰማዩ ባለቤት አለው፤ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ከአካባቢው አስተዳደር ሳይጠይቁ መነሣት በተለይ በዛሬው ጊዜ ሌላውንም ሰው ማስደንገጥ ነው። ያለ አሠልጣኝ መጀመርም ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው፤ በዝርዝሩ ላይ የሥልጠና ክፍያ ከሞተሩ በላይ መጻፍ አለበት።

ዝርዝሩ እንደገና

በሳምንቱ ልጁን ጠርቼ ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁለት። ዝም ብሎ ገለበጠ። ሲጨርስ ገንዘቡ የክንፉን ዋጋ ሩብ እንኳ እንደማይሞላ ራሱ አወቀ። ፊቱ ሲጠቁር አይቼ እኔም አዘንሁ፤ ነገር ግን አጽናናዋለሁ ብዬ ቁጥሩን አልቀነስሁም።

በፈንታው አንድ ሐሳብ አቀረብሁለት። በሚዛን ላይ የማይበር ነገር በአየር ላይም አይበርምና፣ ከሚዛኑ እንጀምር አልሁት። ከትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ልጆች ጋር ሆኖ ከእንጨት መቆሚያ ሠራ፤ በላዩ 25 ሳንቲሜትር ውልብልቢት ያለው ትንሽ የመጫወቻ ሞተር አሰርን፤ ከሥሩ የወጥ ቤት ሚዛን አስቀመጥን። በወረቀቱ ላይ ሞተሩ 900 ግራም ይገፋል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሦስት ጊዜ ለካን፤ 740፣ 735፣ 740 ሆነ።

ከልጆቹ አንዱ ሻጩ አታልሎናል አለ። ሌላው ባትሪው ደክሟል አለ፤ ባትሪው ተለውጦ ቢለካም ያው ሆነ። ያ ልጅ ግን ደብተሩን ገልጦ ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ «መምህር፣ ሻጩ የመዘነው በየት አገር ከፍታ ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይህን ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ሸራ ሰፍቶ ከገደል አይዘልም። ገንዘቡን አሁንም ያጠራቅማል፤ በአዲሱ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ «ሥልጠና»፣ ቀጥሎ «ክንፍ»፣ ሞተሩን አራተኛ ላይ ጽፏል። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ ለመብረርም ሆነ ለሌላ ሥራ ዕቃ ስትመርጡ፣ አስቀድማችሁ መዝኑ። መቆሚያው አሁንም በቤተ ሙከራችን ጥግ ቆሟል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በማለዳና በእኩለ ቀን እየለካን ልዩነቱን እንመዘግባለን።